ለሽማግሌ የተተወ ዳዶ

ሰው በራሱ እጅ የሚሠራውንና ለሌላ የሚሰጠውን ሥራ ለይቶ እስኪያውቅ ዕድሜው ያልቃል። ጥፍርህን ራስህ ትቆርጣለህ፤ ጥርስህን ግን ራስህ አትነቅልም። ጎጆህን ራስህ ትከድናለህ፤ መቃብርህን ግን፣ ምንም ባለሙያ ብትሆን፣ ራስህ አትደፍነውም። እነዚህ ግልጽ ናቸው። የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ነው። በመካከል ያለው ደግሞ፣ መኪና ያለው ሰው እንደሚነግራችሁ፣ አብዛኛው የመኪና ሥራ ነው።

እኔ፣ ሠራተኞቼ አያ ተገኘ የሚሉኝ ሰው፣ አንዲት ያረጀች ፒካፕ አለችኝ። አለችኝ ስል ጭቃዋም አቧራዋም የኔ ነው ማለቴ ነው እንጂ መሪዋን የሚይዘው ደጉ የሚባለው የልጄ ባል ነው። ይህንንም እኔ ስናገር የሚጽፈው እሱ ነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ የምለው ነገር እዚህም እዚያም ቢለዝብ አትፍረዱብኝ። መኪናዋ ስትመጣ ስለ አያያዟ የሚናገር መጽሐፍ አብሯት መጥቶ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ደጉ ቆጥሯል፤ መጽሐፉ የተጻፈው ግን በጃፓኖች ፊደል ነው። በዚያ መጽሐፍ ፊት አማትና አማች እኩል ሆነን ተቀመጥን።

መጽሐፉ ካልረዳ መካኒክ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ሸሕዲ ከተማ። ከሽንፋ ወንዝ ወዲያ እርሻ ላይ ሆነህ የሸሕዲን መካኒክ መጥራት ግን ዝናብ እንደ መጥራት ነው፤ መምጣቱን ይመጣል፣ አንተ በፈለግህበት ቀን አይደለም እንጂ። ስለዚህ የራሴን ሕግ አወጣሁ።

ሕጌ አጭር ናት። ብትሳሳት መኪናዋን የሚያቆማት ሥራ የራስህ ነው፤ ብትሳሳት መኪናዋ እንዳትቆም የሚያደርጋት ሥራ የኡስታ ነው። ኡስታ የምለው መካኒኩን ነው፤ ቃሉን ከሱዳኖቹ ተውሰን ሳንመልስ ቀርተናል። የባትሪዋን ራስ አላልተህ ብታስር መኪናዋ አትነሳም፤ ትረግማታለህ፣ ደግመህ ታስረዋለህ፣ አለቀ። የአየር ማጣሪያዋን ሳታራግፍ ብትተው ታስላለች፣ ትቆማለች፤ ስታራግፍላት ትሄዳለች። ፍሬኗን ብትሳሳት ግን መኪናዋ አትቆምም። የሚቆመው ዕድሜህ ነው።

ይህን ሕግ ለደጉ ስነግረው ራሱን ነቀነቀና፣ «ጎማስ አባባ? ጎማ ከየትኛው ነው?» አለኝ።

የጅል ጥያቄ መሰለኝ። ጎማ መቀየርንማ ከሥራም አልቆጠርሁትም። እሾህ ከአፈር በሚበዛበት ቆላ ለምንኖር ለእኛ ጎማ መቀየር ጫማ እንደ ማውለቅ ነው፤ የማያውቅ የለም። መልስ አልሰጠሁትም። እኔ መልስ ካልሰጠሁ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ ፈቀድሁ ይቆጥረዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተደጋግፎ የሚቆምበት ጊዜ ነው። ያን የነዶ ክምር ሂላ እንለዋለን። ሂላ ከውጭ ሲያዩት ሰሊጥ ነው፣ ከውስጥ ግን ጥላ ነው። በቆላ ደግሞ ጥላ የሚፈልገው ሰው ብቻ አይደለም።

ይመር በየዓመቱ ለአጨዳ ከወሎ የሚመጣ ሠራተኛችን ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከእጁ ይቀድማል። እኔ በዓመት የምናገረውን እሱ ከቁርስ በፊት ይጨርሰዋል። ያን ዕለት ጠዋት አንዱን ሂላ ሊያራግፍ ነዶውን ብድግ አደረገና እንደ ያዘው ቆመ። ዝምም አለ። ይመር ዝም ሲል ሁሉም ሥራውን አቆመ።

«ምን ሆንህ?» አለው አንማው። አንማው ጎጃሜ ነው፤ የሠራተኞቹም አለቃ ነው።

«አንዲት ነገር ቁርጭምጭሚቴን ሳመችኝ» አለ ይመር። «አሳሳሟ ግን የዘመድ አይደለም።»

እባቧን በዱላ የመቷት ሰዎች ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኖ ነበር። ምን ዓይነት እንደሆነች የጠየቀ የለም። የይመር እግር ወዲያው ማበጥ ጀመረ። አንዱ ከኪሱ ምላጭ አወጣ፤ ቆርጦ ደሙን መምጠጥ የሚባል ነገር አለ፣ ሳትሰሙ አትቀሩም።

«አይሆንም፤ ይህ የሐኪም ነው» አልሁ።

ለእኔ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ሕጌ ለመኪና ብቻ እንዳልወጣች ያን ጊዜ ገባኝ። ምላጩ ወደ ኪስ ተመለሰ። አንማው ግን እጁን አጣጥፎ መቆም አልሆነለትም፤ የጭነት ገመድ ፈልጎ አመጣና የይመርን እግር ከጉልበቱ በታች እንደ ሰሊጥ ጆንያ አፍ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ማሰርስ አንማው ያውቅበታል።

ተሸክመነው መኪናዋ ዘንድ ስንደርስ የግራ የኋላ ጎማዋ ተኝቷል።

የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ ብል ውሸት ነው፤ የታየኝ የሰው ጀርባ ብቻ ነው። አንዱ ክሪኩን ከሥር ሰደደ፣ አንዱ ድንጋይ አስደገፈ፣ አንዱ የተኛውን ጎማ ፈትቶ ወረወረ፣ ሌላው ተቀያሪውን እያንከባለለ መጣ። ጎማውን ከብሎኑ ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች ከስንት እጅ ስንት እጅ እንደተቀባበላቸው አላውቅም፤ እያንዳንዱ የደረሰውን በጣቱ እያዞረ ያስገባል። የአንድ ሰው ነፍስ ተይዛለችና ከዚያ ሁሉ ሰው መሥራት ያልፈለገ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለውም እንዲህ ላለው ቀን ነበር፤ እሱን ግን ያስታወሰ አልተገኘም።

እዚህ ላይ የእርሻችንን አንድ ልማድ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የመጨረሻዋ እጅ የሽማግሌ ናት። ሂላ ሲቆም የመጨረሻዋን ነዶ የሚያስደግፈው ትልቅ ሰው ነው። ጭነት ሲታሰር ወጣቶቹ ገመዱን ይወጥሩና ቋጠሮዋን ለሽማግሌ ይተዋሉ። ጉልበት ስላለው አይደለም፤ እጁ ምርቃት አላት ተብሎ ነው። ደግ ልማድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስም ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ክሪኩ ወረደ፤ ጎማው መሬት ነካ። ሁሉም ፊቱን አዙሮ ይመርን ከመኪናዋ ኋላ ጭነት ቦታ ላይ ለማውጣት ተረባረበ። አንማው የጎማ መፍቻውን በሁለት እጁ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝና እሱም ሮጠ። ተቀበልሁት። «ጎበዞች፣ ጨረሱ» አልሁ በልቤ። መፍቻውን ከመቀመጫዬ ሥር ሸጎጥሁና በሩን ዘጋሁ።

ደጉ አስነሳ። ከኋላ ይመር ጀርባውን ለጆንያ ሰጥቶ ተጋድሟል፤ አንማው እግሩን ይዞለታል። የኋላዋ መስኮት መስታወት ካጣች ዘመን ስለሆናት የሚያወሩት ሁሉ ይሰማናል።

መንገዱ ዋልካ ነው። ክረምት የቦካው ጥቁር ጭቃ ጥቅምት ላይ እንደ ሸክላ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ በላዩ ስትሄድ ከመኪናዋ አካል የማይንቀጠቀጥ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሰማሁትን ድምፅ ከመንገዱ ቆጠርሁት። ኳ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ኳ።

«አብሽሩ አባባ» ይለኛል ይመር በመስኮቱ። «የሚታዘንላት ለእባቧ ነው። እኔን ነክሳ በጤና የምትውል አልመሰለኝም ነበር፤ አልዋለችም።»

«ዝም በል፤ ወሬህ መርዙን ያሯሩጠዋል» ይለዋል አንማው።

«ወሬዬ ካለቀ እኔም አለቅሁ፤ ተወኝ።»

እንዲያወራ እንፈልጋለን። የሚያወራ ሰው በሕይወት አለ። በዚህ ሚዛን እንኳ እኔ ከሞትሁ ቆይቻለሁ።

ኳ። ኳ።

አሁን ድምፁ ከመንገዱ ጋር አልስማማ አለ። መንገዱ ለስለስ ሲል እሱ አይለሰልስም። ደጉ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ዝግ ሲል ዝግ ይላል። ከመቀመጫዬ ሥር ሽቅብ በጀርባዬ እየወጣ አንገቴ ላይ ይደርሳል። ደጉን በዓይኔ ጫፍ አየሁት፤ መንገዱን ነው የሚያየው፤ ፊቱ ምንም አይናገርም። እሱ ሾፌር ሆኖ ካልሰማ እኔ ምኑን ሰማሁ አልሁ።

ለምን አልተናገርህም ማለታችሁ አይቀርም። ቀላል መስሏችሁ ነው። ቆመን የምናጠፋው ጊዜ የእኛ ቢሆን እሺ፤ የይመር ነበረ። ሰውየው ከኋላ በየደቂቃው እያበጠ፣ ሽማግሌው ከፊት «ቆይ እስኪ፣ አንድ ነገር ኳ አለብኝ» ሊል ነው? ምንም ባይገኝስ? ደግሞም አማት፣ መሪ በያዘ አማቹ ጆሮ ላይ አይጮህም፤ ልጄን ሲያገባ በመካከላችን ሳንናገር የተስማማንበት ነገር ነው። ሳንናገር ብዙ ነገር ተስማምተናል እኔና ደጉ። ብዙውም ደህና ሄዷል።

ከዚያ ይመር ዝም አለ።

ጆሮዬን ወደ መስኮቱ መለስሁ። ነፋስና አቧራ ብቻ ይገባል። አንዱ ድምፅ እንዲቆም እፈልጋለሁ፣ ሌላው እንዲጀምር። የሚቆመው አልቆመም፤ የሚጀምረውም አልጀመረም።

«አንማው» ብዬ ጠራሁ።

«አለ፣ አያ ተገኘ። ዓይኑን ከደን ከደን ያደርገዋል እንጂ አለ።»

ፊት ለፊታችን ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ታየ። ጠመዝማዛ ነው። በቀኝም በግራም ገደል አለው ብዬ አላስፈራራችሁም፤ ያለው በአንድ ወገን ነው፣ ግን ይበቃል። ድምፁ አሁን መሐል ላይ ማረፉን ትቶ፣ ኳ ኳ ኳ እያለ እንደ ሰው ልብ ይመታል። ሕጌን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኋት። ጎማ ቢሳሳቱበት መኪናን ያቆማል ወይስ አያቆምም? ሜዳ ላይ ያቆማል። ቁልቁለት ላይ አያቆምም። ደጉ የጠየቀኝ የጅል ጥያቄ አልነበረም።

«ደጉ» አልሁ። «አቁም።»

«ሰው እየሞተብን?» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። ቃሌ ሳያልቅ እግሩ ፍሬኑ ላይ ነበረ። ይህ ነገር ያን ጊዜ አልገረመኝም፤ የገረመኝ በኋላ ነው።

ወርጄ አየሁ። ጎማው እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ወገን ዘምሟል። ከዳዶዎቹ ገሚሶቹ የሉም፤ ዋልካው ውጧቸዋል። የቀሩት ብሎናቸው ጫፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱን ነካሁት፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን በጣቴ ዞረ። ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ነን፤ ድንጋይ ብንወረውር ወንዙ ዘንድ ይደርሳል።

አንማው ከላይ አንገቱን አሰገገ። «አያ ተገኘ፣ አላጠበቁትም እንዴ?»

«አንተስ?»

«እኔማ ለርስዎ ተውሁት። መፍቻውን በእጅዎ ሰጥቼዎት የለ?»

ሰጥቶኛል። የት እንዳለም አውቃለሁ። ከመቀመጫዬ ሥር አወጣሁት።

ይህን ጊዜ የማን ሥራ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ደጉ ክሪኩን ሰደደ፤ ከዚያ ከደህናዎቹ ጎማዎች ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዳዶ እየፈታ ይሰጠኛል፣ እኔ አስገባለሁ። ከጤነኛ ተበድሮ ለታመመ መስጠት ነው፤ የእርሻ መኪና ሁሉ በዚህ ነው የሚኖረው። አንዱ ዳዶ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቆ አፈር ለብሷል፤ ጠርጌ አስገባሁት። ክሪኩ ሲወርድ መፍቻውን ገጥሜ በእጄ ጠመዘዝሁ፤ አልበቃኝም፤ በእግሬ ረገጥሁት፤ አሁንም አልበቃኝም። ወጥቼ ቆምሁበት። በዚህ ዕድሜዬ መፍቻ ላይ ቆሜ ስወዛወዝ ከላይ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ አንድ ደካማ ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ ምርቃቱ ይብቃና እንሂድ።»

ስድብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወረድን። ወንዙን ተሻገርን። ከከተማው በፊት ያለው ኬላ ላይ የነበሩት ልጆች የተኛውን ሰው ሲያዩ የመንገዱን መዝጊያ ገመድ ሳንጠይቃቸው አወረዱት። ሸሕዲ ስንደርስ ይመር ከንፈሩ ደርቆ፣ ስሙን ሲጠሩት ዘግይቶ የሚመልስ ሆኗል። ሆስፒታል አስገባነው። ነርሷ አንሶላውን ገልጣ እግሩን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እኛን አንድ በአንድ አየችን።

«ይህን እግር ማነው እንዲህ ያሰረው?»

አንማው እጆቹን ኪሱ ከተተ። ነርሷ በቀስታ ነገረችን፤ ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። ለካ እግርን እንዲህ አጥብቆ ማሰር ደሙን ዘግቶ እግሩን ራሱን ይገድለዋል፤ የሚሻለው እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ፈጥኖ ማምጣት ነው። ሐኪሙ መጥቶ መድኃኒቱ እየገባ ገመዱን ቀስ እያሉ ፈቱለት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አሰብሁ። መታሰር የሌለበትን እግር ጥርቅም አድርገን አስረን፣ መታሰር ያለበትን ጎማ አላልተን ነው የመጣነው። ሁለቱንም ከልባችን።

ይመር ዳነ። እግሩ ጠቁሮ ቆየ፤ ምላሱ ግን ቀድማው ተነሳች። ልንጠይቀው ስንሄድ አልጋው ላይ ተቀምጦ የክፍሉን በሽተኛ ሁሉ ሲያስቅ አገኘነው። የጎማውን ነገር እያነሳን ሳለ እንደ ዋዛ፣ «እኔማ ከእርሻው ሳንርቅ ሰምቼው ነበር» አለ።

«ምኑን?» አልሁት።

«ኳኳታውን ነዋ። ጆሮዬ ሥር ነበር እኮ አባባ።»

አንማው ጎሮሮውን ጠረገ። «እኔም ጎማው ሲወላገድ አይቼ ነበር።»

ደጉን አየሁት። ደጉ መስኮቱን አየ። «እኔ በመሪው ነው የታወቀኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

«እርስዎ ዝም ሲሉ» አለ ይመር፣ «ደህና ነው ማለት ነው ብለን።»

እንግዲህ ፍረዱ። አራት ሰው አንድ መኪና ላይ፣ አንዱ እየሞተ፣ አራቱም የሚወልቀውን ጎማ እየሰሙ፣ ሁሉም በጨዋ ደንብ ትልቁ ሰው እስኪናገር ይጠብቃል። ትልቁ ሰው ደግሞ ሾፌሩን ይጠብቃል። የኔን ዝምታ እንደ ፍተሻ ቆጥረውታል። ደጉ እግሩ ፍሬኑ ላይ የተገኘው ለካ አሁን ይናገራል እያለ ሲጠብቀኝ ኖሮ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ዳዶ ግን ይላላል።

ሕጌ ላይ የጎደለው ያን ቀን ታየኝ። የራስህ ሥራ አለ፣ ትሠራዋለህ። የኡስታ ሥራ አለ፣ ትወስድለታለህ። የሚፈራው ሁሉም የሚያውቀው ሥራ ነው። ሁሉም ስለሚያውቀው ሁሉም ይነካዋል፤ ሁሉም ስለነካው የጨረሰው ያለ ይመስላል።

ስለዚህ እርሻችን ላይ አዲስ ሥርዓት ገባ። አሁን ጎማ ሲቀየር ለሽማግሌ የሚተው ነገር የለም። ደጉ ያጠብቃል። አንማው ደጉን ባያምነው ነው መሰለኝ ደግሞ ያጠብቃል። ይመር፣ ዘንድሮም መጥቷል፣ «የኔ ነፍስ ናት የተያዘችበት» ብሎ ባልተነደፈው እግሩ መፍቻው ላይ ይቆማል። እኔም፣ ልማድ ነውና፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ እረግጠዋለሁ። ኳ የሚል ነገር ከሰማን ዓመት ሞላን።

በቀደም ሸሕዲ ጎማ ልናስጠግን ኡስታ ዘንድ ወሰድናት። ኡስታ መፍቻውን ገጥሞ ሳበ፤ አልነቃነቅ አለው። ቧንቧ ቀጥሎበት ሳበ፤ ላቡ ጠብ አለ። ሰው ጠርቶ ለሁለት ሳቡት።

ኳ አለ። ብሎኑ ለሁለት ተቆረጠ።

ኡስታ የተቆረጠውን ብረት በመዳፉ ይዞ ቀና አለ። «እስኪ ንገሩኝ፤ ማነው እንዲህ ያጠበቀው?»

ደጉ እኔን አየኝ። አንማው እጆቹን ኪሱ ከትቶ እኔን አየኝ። ይመር፣ ያ ምላሱ ከእጁ የሚቀድመው ይመር፣ መሬት መሬት እያየ ጨዋ ሆነ። መልሱን ለሽማግሌ ተዉት።